ግንዱ በወደቀበት

ቡሬ ስላችሁ ሐሳባችሁ ወደ ጎጃም እንዳይሄድ። የማወራችሁ ስለ ኢሉባቦሯ ቡሬ ነው። ከመቱ ተነሥታችሁ ወደ ጎሬ ትወጣላችሁ፤ ከጎሬ ፊታችሁን ወደ ምዕራብ አዙራችሁ ስትጓዙ ቡሬ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወዲያ ደጋው ያልቃል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ አየሩ ይሞቃል፤ ባሮ ይሰፋል፤ ጋምቤላ ይመጣል።

ይህ መንገድ በዘመኑ የዋዛ መንገድ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቆሙ ፈቀዱ፤ ጋምቤላም የወንዝ ወደብ ሆነች። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቡ ከካርቱም ሽቅብ ይመጣል። ቡናው በጭነት ከብትና በሰው ትከሻ ከጎሬ ቡሬ፣ ከቡሬ ቁልቁል ጋምቤላ ይወርዳል። ጨውና አቡጀዲ በዚያው መንገድ ይወጣል። ሱዳን ነፃ ወጥታ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1956 ለኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር።

ታዲያ ይህን ያነሣሁት አለነገር አይደለም። ከቡሬ ወጥቶ የተሸጠው ሁሉ በጀርባ የሚቻል ነበር። ቡና ቢከብድ ጆንያው ለሁለት ይከፈላል። ማር ቢከብድ በሁለት ዕቃ ይደረጋል። ግንድ ቢከብድስ?

እስቲ አንዱን አብረን እንመዝነው። ውፍረቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ግንድ አስቡ። ለዚያ አገር ትልቅ የሚባል አይደለም። ከአንድ ሜትር ኩብ ጥቂት ይበልጣል፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ ሜትር ኩቡ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። እንግዲህ አሥር ኩንታል ገደማ የሚሆን ነገር ገደል ሥር ተጋድሟል ማለት ነው። ዝናቡን አትርሱ። ጎሬና አካባቢው በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት መሬቱ ጭቃ ነው። ያንን ግንድ ከዚያ ገደል፣ በዚያ ጭቃ፣ ጅረት አሻግሮ የሚያወጣ በሬም የለም፣ መኪናም አይደርስም። ከዚያው ግንድ የወጣ አንድ ጣውላ ግን ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ቢሆን እርጥቡ 20 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ጎልማሳ በትከሻው ይዞት ይወጣል።

ይህን ስሌት የቡሬ ሰንጣቂዎች ወረቀት ሳያነሡ ያውቁት ነበር። ስለዚህ ግንዱን ወደ መጋዙ አላመጡም፤ መጋዙን ይዘው ወደ ግንዱ ሄዱ።

በዚህ ሥራ ያረጁ አንድ ሽማግሌ ነገሩን አጫውተውኛል። ዛሬ ጉልበታቸው ደክሟል፤ እጃቸው ግን ሲያወሩ አሁንም መጋዝ እንደያዘ ይወጣል ይወርዳል። «ልጄ፣ ዛፍ ከመጣሉ በፊት ይታያል» ብለው ጀመሩ። «ቅርፊቱን ታያለህ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከወጣ ጥሩ ነው፤ እየዞረ ከወጣ ውስጡም ዞሯል፣ ጣውላው ሲደርቅ ይጣመማል። ከዚያ በመጥረቢያው ጀርባ ትመታዋለህ። ሙሉ ከሆነ ድምፁ ይነግርሃል፤ ባዶ ከሆነም ይነግርሃል።»

ዛፉ ወድቆ፣ ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ ቅርፊቱ ከተላጠ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ ቆጥ መሥራት ነው። እዚህ ላይ ብልሃታቸውን ልብ በሉ። አሥር ኩንታል የሚመዝን ግንድ ከሰው ቁመት በላይ ማንሣት አይቻልም፤ አያነሡትምም። ቆጡን ከግንዱ በታች፣ ተዳፋቱ ላይ ይተክሉታል፤ የላይኛው ጫፉ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሆናል። ከዚያ ግንዱን በማንሻ እንጨት እየገፉ ቁልቁል ያንከባልሉታል፣ ራሱ ቆጡ ላይ ይወጣል። ከታቹ መሬቱ ስለወረደ ለታችኛው ሰው መቆሚያ ተገኘ ማለት ነው። የኢሉባቦር ተራራ ለመንገድ ጠላት ቢሆንም ለሰንጣቂ ወዳጅ ነበር።

ቀጥሎ መስመር ይመታል። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ተሰብሮ ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት በውኃ ይበጠበጣል፤ ሲባጎ ይነከርበታል። ሲባጎው ከግንዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥሮ መሐሉን በሁለት ጣት ሳብ አድርገው ሲለቁት ጠብ ይላል፤ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ መስመር ይተዋል። በግንዱ ሁለት ጫፎች ላይ ደግሞ በገመድ ድንጋይ አንጠልጥለው ቱንቢ ይጥላሉ፤ የላዩና የታቹ መስመር በዚያ ይገናኛል። ሽማግሌው እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ጠነከረ፦ «መስመር ላይ አትቸኩልም። መጋዙ የሚሄደው አንተ በወሰንክለት ነው። ከተሳሳትክ በኋላ እንጨት አይቀጠልም።»

ከዚያ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይሆናሉ። የላይኛው መጋዙን ይመራል፣ መስመሩን ይጠብቃል፣ ሽቅብ ይስባል። የታችኛው ቁልቁል ይጎትታል፤ ጥርሱ የሚበላው ያኔ ነው። ሰጋቱራው በሙሉ የሚወርደው እሱ ላይ ነው፤ ራሱን በጨርቅ ጠምጥሞ፣ ዓይኑን ግማሽ ጨፍኖ ይሠራል። ስንጥቁ ሲረዝም መጋዙን እንዳይቆነጥጠው ከኋላ ሽብልቅ ይገባል። ጥርሱ ሲደነዝዝ ሁለቱም ቁጭ ብለው በሞረድ ይስሉታል፤ ይህች ብቻ ናት ዕረፍታቸው። እንዲህ እየተባለ የወጣ ጣውላ ነው የጎሬና የመቱን አሮጌ ቤቶች በር፣ ወለልና ጣሪያ የሠራው። ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 መቀመጫው ወደ መቱ ከመዞሩ በፊት፣ ለጽሕፈት ቤቱም ለትምህርት ቤቱም ለነጋዴውም ቤት እንጨት ያወጡ እጆች እነዚህ ናቸው። ማንም ስማቸውን አልጻፈላቸውም።

የሞተር መጋዝ ሲመጣ ይህ ሁሉ ተገለበጠ። ስቲል በሉት፣ ሁስክቫርና በሉት፣ አንድ ሰው በትከሻው አንጠልጥሎ ጫካ ይገባና ሁለት ሰዎች ስንት ቀን የሚለፉበትን በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል። ሰውን ከዚያ ድካም ማውጣቱን ማንም አይጠላም። ከታች ሆኖ ሰጋቱራ ሲውጥ የኖረ ሰው በሞተር መጋዝ ቢተካ፣ እሰየው ነው።

ግን ይህ ማሽን ለምን እንደተሠራ እንጠይቅ። ዛፍ ለመጣልና ግንድ ለመቁረጥ ነው፤ ማለትም በእንጨቱ ጭረት አቋርጦ ለመሄድ። በርዝመቱ ለመሰንጠቅ የሰንሰለቱ ጥርስ በሌላ ማዕዘን መሳል ይኖርበታል፤ ብዙው ሰው ግን በዚያው በመጣበት ጥርስ ይሰነጥቅበታል። በእጅ ብቻ ተይዞ ያለ መምሪያ ሲሄድ ደግሞ ይዋዥቃል። የወጣው ጣውላ አንዱ ጫፉ ሦስት ሳንቲ፣ ሌላው ጫፉ ሁለት ይሆናል፤ ገጹ የታረሰ ማሳ ይመስላል። አናጢው በመላጊያ እየላገ እስኪያስተካክለው ድረስ ሌላ ግማሽ ሳንቲ ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ መጋዙ ራሱ የሚበላው አለ። የሞተር መጋዝ ሰንሰለት በሄደበት ሁሉ 9 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ሰጋቱራ ያደርጋል። ትንሽ ይመስላል። ጎኖቹ ተስተካክለው ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግንድ አለን እንበልና ሁለት ተኩል ሳንቲ ውፍረት ያላቸውን ጣውላዎች እናውጣበት። መጋዙ በየጊዜው 9 ሚሊ ሜትር እየበላ 14 ጣውላ እናገኛለን። ሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር ብቻ በሚበላ ቀጭን ምላጭ ግን 18 እናገኛለን። ከአንድ ግንድ አራት ጣውላ! ያውም እጁ ያልተንቀጠቀጠ ሰው የሠራው ነው ብለን። እነዚያ አራት ጣውላዎች ለአንድ ዛፍ ስንት ዓመት ዕድሜ እንደሆኑ ቡሬ ያለ ገበሬ ያውቀዋል። ጫካው ውስጥ ዱቄት ሆነው ይቀራሉ።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ሳላወራ አላልፍም። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ከወጣ ወዲህ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ያገራችን ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለዋል። ከዚያ በኋላ አዋጅ ቁጥር 542/1999፣ ከዚያም አሁን የሚሠራበት ቁጥር 1065/2010 መጡ። ዓላማቸው ትክክል ነው፤ አንድም ቃል አልቃወምም። ያየሁትን ግን ልናገር። ክልክል የሆነ ዛፍ በሌሊት ነው የሚወድቅ። በሌሊት የሚሠራ ሰው ይቸኩላል። ቆጥ አይሠራም፣ ቱንቢ አይጥልም፣ መስመር አይመታም። ከግንዱ መሐል የተሻለውን ሦስት አራት ጣውላ አውጥቶ የቀረውን ጥሎት ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከቡና ጥላ ሥር እንዲህ የተጣለ የዋንዛ ግንድ አይቻለሁ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እዚያው ሻጋታ እያወጣ ነበር። የወደቀው ዛፍ ቡናውን ሰብሮ፣ የቀረው እንጨት ለማንም ሳይሆን። ስርቆቱ ያሳዝናል፤ ብክነቱ ደግሞ ከስርቆቱ ይብሳል፤ ምክንያቱም ሌባው ያጣውን ጣውላ ለመሙላት ነገ ሌላ ዛፍ ይጥላል።

እንግዲህ ይህን ብክነት ወደምትቀንስ አንዲት ትንሽ ማሽን መጣን።

ተንቀሳቃሽ የእንጨት መሰንጠቂያ ይሏታል። ዓይነቷ ብዙ ነው። አንዱ ዓይነት ሁለት አጭር ሐዲድ መሬት ላይ ይዘረጋለታል፤ ግንዱ በሐዲዱ መሐል ይተኛል፣ አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው ሞተሩና ምላጩ ያሉበት ራስ ነው። ምላጩ ጥርስ ያለው፣ ሁለት ጎማዎች ላይ ተጠምጥሞ የሚሽከረከር ቀጭን የብረት ቀበቶ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የሚበላው ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ነው። ሠራተኛው ከፍታውን ይለካል፤ ራሱን በቀስታ ይገፋል፤ ጣውላው ከላይ ይወጣል። ይመልሰዋል፣ ዝቅ ያደርገዋል፣ ይገፋል። አሜሪካኖቹ ውድማይዘር የሚባለውን እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሲሠሩ ኖረዋል። አውስትራሊያውያኑ ደግሞ ሉካስ የሚባል ሌላ ዓይነት አላቸው፤ ክብ መጋዙ አንድ ጊዜ ቆሞ አንድ ጊዜ ተጋድሞ ይቆርጣል፣ የሚበላው ከቀበቶው ይበልጣል፤ ነገር ግን ተፈታቶ በሰው ሸክም ጫካ ይገባል፣ ግንዱም ካለበት ሳይነሣ ማሽኑ በላዩ ይቆማል። ለቡሬ ገደላገደል ይህኛው ሳይሻል አይቀርም እላለሁ።

የሰዎቹ አገር ሀብታም ነው፣ እኛ የት ልንደርስ እንዳትሉ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ የምትባል አገር አለች፤ ተራራዋ፣ ዝናቧ፣ መንገድ አልባ ጫካዋ ኢሉባቦርን ያስንቃል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለመንደር ሰዎች ተብሎ አንድ ትንሽ ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያ ተሠራና ተሰራጨ። የውጭ ኩባንያዎች ጫካቸውን ግንድ በግንድ እየጫኑ ሲወስዱባቸው፣ የመንደሩ ሰው ራሱ ሰንጥቆ ጣውላ እንዲሸጥ ነበር ሐሳቡ። የሠራበትም መንደር አለ፣ ያልሠራበትም አለ። ያልሠራበት ቦታ ማሽኑ የቆመው መለዋወጫ ጠፍቶ፣ ገንዘቡን የሚይዝ ሰው ታጥቶ፣ ጣውላውን ገበያ የሚያደርስ ሳይኖር ነው። እንጨት የጠፋበት መንደር አልነበረም።

ስለዚህ የማሽኗን ውበት ብቻ አላወራላችሁም። ቡሬ አጠገብ አንዲት እንዲህ ያለች ማሽን ከአይሱዙ ወርዳ በአንድ ገበሬ የግራቪሊያ ረድፍ ጥግ ስትተከል ቆሜ አይቻለሁ። ግራቪሊያ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ለሻይና ለቡና ጥላ እየተባለ የተስፋፋ። ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ይላል፣ ሲሰነጠቅ ጠቃጠቆ ያለው የሚያምር ገጽ ያወጣል። ሰጋቱራው ግን ቆዳ ያሳክካል፤ ሠራተኛው እጅጌውን እስከ አንጓው አውርዶ ነበር።

የመጀመሪያው ቆረጣ ቅርፊት የያዘውን ጎን አነሣ። ግንዱን በማንሻ አዞሩት፤ ሁለተኛው ጎን ተነሣ፤ እንደገና አዞሩት። አራቱም ጎን ተነሥቶ አራት ማዕዘን ሲሆን ከላይ ወደታች ጣውላ ማውጣት ጀመሩ። የመጀመሪያውን ጣውላ በእጄ ዳሰስኩት። እርጥብ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱ አንድ ነው። በሽማግሌዎቹ መጋዝ የወጣውን ጣውላ ካየሁ ወዲህ እንዲህ የተስተካከለ አላየሁም።

ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጣውላ ላይ ሠራተኛው በድንገት ሞተሩን አጠፋ። ሁላችንም ቀረብን። የእንጨቱ ገጽ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ሰማያዊ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ ወደ ላይና ወደ ታች በጭረቱ ተስቦ ጠፍቷል። «ሚስማር ነው» አለ። ከስንት ዓመት በፊት አንድ ሰው ሽቦ አጥር ለማሰር የመታው ሚስማር፣ ዛፉ በላዩ አድጎ ውጦታል፤ ብረቱ ከእንጨቱ ጭማቂ ጋር ሲገናኝ ያጠቁረዋል። ሠራተኛው ያን ጥቁር ባያይ ኖሮ ምላጩ ጥርሱን ያረግፍ ነበር። በመሮ ፈልፍለው አወጡት። የጫካ ዛፍ ሚስማር የለውም፤ የግቢና የእርሻ ዳር ዛፍ ግን ከሰው ጋር ስለኖረ በሆዱ ብዙ ነገር ይይዛል።

የማሽኗ ድካም እዚህ ላይ ነው። የሞተር መጋዝ ሰንሰለት ደንዝዞ እንደሆነ ባለቤቱ ጉቶ ላይ ቁጭ ብሎ በሞረድ ይስለዋል። ቀበቶው ምላጭ ግን የራሱ መሳያ ማሽን፣ የራሱ ጥርስ ማዛነፊያ ይፈልጋል። ጭቃ የነካው ቅርፊት ቶሎ ያደነዝዘዋል፤ ቡሬ ውስጥ ደግሞ ግንድ መሬት ላይ ተጎትቶ ጭቃ ሳይነካው አይቀርም። ስለዚህ ማሽን ገዝቶ መሳያውን ያልገዛ ሰው፣ ምላጮቹ ባለቁ ማግስት ብረት አቁሞ ይቀመጣል። ማሽን ለሚገዛ ማኅበር የምመክረው ይህን ነው፦ ከሞተሩ ጉልበት ላይ ቀንሳችሁ ለመሳያውና ለአንድ ሰው ሥልጠና አውሉት። ወንዶ ገነት ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ደን ስታስተምር ኖራለች፤ ዕውቀቱ ባገር ውስጥ አለ።

ሌላው ማድረቅ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ታገሡኝ፣ ብዙ ጣውላ የሚሞተው በመጋዝ ሳይሆን በዚህ ነውና። አዲስ የተሰነጠቀ ጣውላ ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። መሬት ላይ ቢደረደር ይሻግታል፤ ፀሐይ ላይ ቢጣል ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ሆዱ ይጣመማል። ከመሬት ከፍ ባለ መደብ፣ በእያንዳንዱ ድርድር መሐል እኩል ውፍረት ያለው ቀጭን እንጨት እየተደረገ፣ ጥላ ሥር ንፋስ እንዲያልፍበት ሆኖ፣ ከላዩ ክብደት ተጭኖበት ወራት መቆየት አለበት። ቡሬ ላይ ደግሞ ደህና የሚያደርቀው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰማዩ ይዘጋል። ባሕር ዛፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ግንዱ ውስጡ ውጥረት ስላለው መጋዙ ሲከፍተው ጣውላው እዚያው ይጎብጣል። የሚያውቅ ሰንጣቂ አንዱን ከዚህ ጎን፣ አንዱን ከዚያ ጎን እያወጣ ውጥረቱን ያመጣጥነዋል። እርጥብ ጣውላ ቶሎ ሸጦ ገንዘብ ለማየት የሚቸኩል ማኅበር ለገዢው ጠማማ በር ሸጦ፣ ከዚያ ወዲህ የቡሬ እንጨት አይረባም እየተባለ ይቀራል። ስለዚህ ማሽኑ ሳይመጣ መጀመሪያ የማድረቂያው ጥላ ይቁም እላለሁ። ቆርቆሮ፣ ምሰሶ፣ ደረቅ መሬት፤ ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው የለም።

አሁን ደግሞ ከባዱ ነገር። ቀጭን ምላጭ ቶሎና በትንሽ ድካም የሚሰነጥቅ ከሆነ፣ የቀረውን ጫካ ቶሎ አይጨርሰውም ወይ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቋል። ኢሉባቦር የኢትዮጵያ እርጥብ ደን ከቀረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ከመቱ በምሥራቅ በኩል ያለው የያዩ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው፣ 167,000 ሄክታር የሚጠጋው፣ ቡና በዱር የሚበቅልበት ስለሆነ ነው። ያን ቡና የሚጠልለው ሳሳው፣ ብሳናው፣ ዋንዛው፣ ቀረሮው ነው። ነጩን ማር የሚሰጠው ጌተማ ነው። ቀረሮን አንድ ጊዜ ሽቅብ አይታችሁት እንደሆነ የማወራው ይገባችኋል፤ ጫፉን ለማየት ባርኔጣ ይወልቃል። ይህንን የሚሰነጥቅ ማሽን ቡሬ ባይገባ ይሻላል።

ግን ቡሬ ቤት ይሠራል። ልጅ ያገባል፣ ትምህርት ቤት ወንበር ይፈልጋል፣ ሱቅ መደርደሪያ ይፈልጋል። ያ እንጨት ከየት ይምጣ? ከጫካው ካልሆነ ሰው ከተከለው ነው መምጣት ያለበት፤ ሰው የተከለው ደግሞ አለ። በየአጥሩ፣ በየቡናው ዳር፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ግራቪሊያ፣ የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ ቆሟል። ገበሬው የሚሸጠው ግን ለማገዶ ወይም በቁሙ ለነጋዴ ነው፤ ነጋዴው ራሱ ያስቆርጠዋል፣ ራሱ ያስሰነጥቀዋል፣ ዋጋውንም ራሱ ይቆርጣል። ለጣውላ የሚበቃ ግራቪሊያ በማገዶ ዋጋ ሲሄድ ማየት ያንገበግበኛል። ትንሿ ማሽን ይህን ግንድ እዚያው አጥሩ ሥር ጣውላ ካደረገችው፣ ገበሬው የሚሸጠው ጣውላ ነው፤ ሰጋቱራው ለከብቶቹ መኝታ ይሆናል፣ ቅርፊት የያዘው ጎን ለአጥርና ለማገዶ እዚያው ይቀራል። በአይሱዙው ላይ የሚጫነው የሚሸጠው ብቻ ይሆናል። የተተከለ ዛፍ ዋጋ ካገኘ ደግሞ ሰው ይተክላል፤ ከዚያ ሌሊት ጫካ የሚገባው መጋዝ ገበያው ይጠብበታል። ለዚህ ግን ማሽኗ የማንም ነጋዴ ሳትሆን የአካባቢው ወጣቶች ማኅበር ብትሆን፣ እያንዳንዱ ግንድ ከማን መሬት እንደመጣ በመዝገብ ቢያዝ፣ ኬላ ላይ የሚታይ ወረቀት ከጣውላው ጋር ቢሄድ ነው የምለው። የቀን ሥራ ትሁን።

ማሽኗ ግራቪሊያው ዳር በተተከለችበት ቀን ሽማግሌውም መጥተው ነበር። ልጆቹ ወንበር አምጥተውላቸው ነበር፤ አልተቀመጡም። በምርኩዛቸው ግንዶቹን አንድ በአንድ እየነኩ ዞሩ። አንዱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ግንዱ አራት ሜትር ነው፤ መሐሉ ላይ ጎበጥ ብሏል። ሠራተኛው ሐዲዱ ላይ ሊያስወጣው ማንሻውን አንሥቷል።

«ይህን እንዳለ ልትሰነጥቀው ነው?»

«አዎ አባባ። ገዢው አራት ሜትር ነው የሚፈልገው።»

«ጉብጠቱን ቀጥ ለማድረግ ስትል ስንቱን ከጎኑ ታነሣለህ?»

ልጁ ጎንበስ ብሎ አየው። በእጁ ለካ። ዝም አለ።

ሽማግሌው የምርኩዛቸውን ጫፍ ጉብጠቱ ላይ አስቀመጡ። «እዚህ ጋ ለሁለት ቁረጠው። ሁለቱም ቀጥ ያሉ ይሆናሉ።»

«አባባ፣ ሁለት ሜትር ማን ይገዛኛል?»

«የቤትህ በር ስንት ሜትር ነው?»

ልጁ ጥቂት አሰበ። «ሁለት።»

«እንግዲያው ቁረጥ» አሉት፤ ሲባጎና የባትሪ ድንጋይ የሚያመጣላቸው ልጅም ላኩ።